ከአራት ሜትር በታች

መስከረም 14 ቀን

ለምወድሽ እቴቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ተሽሎሽ፣ ጣራውም ማፍሰሱን ትቶ እንደሚያገኝሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከሳሽ ወይ ብለሽ ለመጠየቅ እንዳትቸኩይ፤ አልከሳሁም።

የዛሬው ወሬዬ ተቀምጠው የሚያነቡት ነው። ተቀመጥሽ? አያቴ መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ ነው።

መሥሪያ ቤቴን ታውቂዋለሽ፣ ስንቴ ነግሬሻለሁ፦ ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ እስከ ጣራ የተደረደረ ካርቶን፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ መብራት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የምትስቅ አለቃ። ዘንድሮ የያዝነው ሥራ ታሪክ የረሳቸውን ሰዎች ከየካርቶኑ እየለቀሙ በአንድ መጽሐፍ መሰብሰብ ነው። ንጉሥ የለበትም፣ የጦር አለቃ የለበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ልብስ እያሰጣች የሰማዩን ደመና በእርሳስ የሣለች ልብስ አጣቢ አለች። በወረርሽኝ ዘመን ሹሞቹ «የሞተ ሰው የለም» እያሉ ሲምሉ፣ የቀበረውን ሰው ሁሉ ስም በቤቱ በር ጀርባ የጻፈ መቃብር ቆፋሪ አለ። ማንም የማያውቃቸው፣ ግን እነሱ ባይኖሩ ምንም የማናውቅ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ካርቶን ከፈትኩና የአያቴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። እዚያው ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ለካ ያ የውጭ የውሃ ኩባንያ የልኬት ዘንጉን ወንዛችን ውስጥ ከተከለ ጀምሮ፣ አያቴ የሞላቸውን ደብተሮች በየዓመቱ ወደዚህ አገር ያስጭን ነበር። ሃያ አንድ ደብተር! በየቀኑ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ የወንዙ ከፍታ፣ ከጎኑ ፊርማ። በአንዱ ገጽ ምን አገኘሁ መሰለሽ? «ሁለት ሜትር ከአርባ። ወንድ ልጅ ተወለደ።» አባቴ ነው! ከውሃው ልኬት ቀጥሎ ተመዘገበ።

ኩባንያው ከወጣ በኋላ የተጻፉት አሥሩ ግን እዚህ የሉም። እነሱ አንቺ ዘንድ፣ በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ልጅ ሆኜ ልነካቸው ስል እጄን መትተሽኝ ታውቂያለሽ። አለቃዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ሳይዘል ወንዝ የለካ ሰው ካለ ሙሉ ምዕራፍ ይገባዋል ብላለች። ስለዚህ ደብተሮቹን በፖስታ ላኪልኝ፣ የምታስታውሺውንም ሁሉ ጻፊልኝ። አደራ!

ያንቺው ድንቢጥ

ጥቅምት 5 ቀን

ለልጄ ለድንቢጤ፣

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ በሰው አገር የሚወድሽ ሰው አያሳጣሽ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

ደብዳቤሽን ለጎረቤቴ ለጡረተኛዋ ነርስ አነበብኩላት። በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ስታሾፍብኝ ኖራ፣ አሁን «አንቺ የታላቅ ሰው ልጅ» እያለች ቆማ ወንበር ትለቅልኛለች። ጉድ ነው።

ስለ አባባ ምን ልንገርሽ? ዘንጉን ሳያይ እህል አይቀምስም ነበር። በሠርጉ ቀን እንኳን ወንዝ ወርዶ ዘገየ፤ የሙሽራዋ ወገኖች ጠፋ ብለው ሊበተኑ ሲሉ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ደረሰ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ጣውንቴ ወንዟ ናት» ትል ነበር። ዘንጉ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ ነበር የቆመው፣ ነጭና ጥቁር የተቀባ፣ በየእጅ ስፋቱ ቁጥር ያለበት። ውሃው ከአራት ሜትር ያለፈ ቀን አባባ በቀይ ወረቀት ጽፎ በዚያው ቀን ለውሃ መሥሪያ ቤት በፖስታ ይልካል። በሳምንቱ ተቆጣጣሪው ጃንጥላውን ይዞ ከተፍ ይላል፤ ዘንጉን ያያል፣ ደብተሩን ያያል፣ አባባን ቁጥር ያስነብበዋል፣ ከዚያ ምሳችንን በልቶልን ይሄዳል። እኔና አባትሽ ቀይ ወረቀት ስናይ «ሆዳሙ መጣ» እንል ነበር። ቤቱም ቢሆን ከሥራው ጋር የተሰጠ ነውና፣ የሆዳሙ ቃል ለኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ስለ ደብተሮቹ፣ ሣጥኑ ላይ ያልተጫነ ነገር የለም፤ ወገቤ ደግሞ እሺ አይለኝም። ሰው ሳገኝ አስወርደዋለሁ። እስከዚያው አንድ የማንበቢያ መነጽር ብትልኪልኝ፤ የነርሷን እየተዋስኩ ሰለቸኋት።

እቴቴሽ

ጥቅምት 28 ቀን

እቴትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። «ጣውንቴ ወንዟ ናት» የሚለውን ለአለቃዬ ተርጉሜላት ሳቀች! የዓመቱን ኮታ አንዱን ጨረስሽባት።

መነጽሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ካልተስማማሽ የታችኛው መሳቢያዬ ውስጥ ሌላ አለኝ፣ ጻፊልኝ።

ከአያቴ ምዕራፍ ቀጥሎ የምትገባዋን ሴት ልንገርሽ። ባሏ የመርከብ መብራት ጠባቂ ነበር፤ በባሕሩ መሃል ካለ ድንጋይ ላይ ይኖራሉ። ባሏ ሞተ። እሱ መሞቱ ከተሰማ ከማማው ያስወጧታል። ስለዚህ እዚያው ቀብራው በሱ ስም እየፈረመች፣ የሱን ካፖርት እየለበሰች፣ አሥራ አንድ ዓመት መብራቱን አበራች። አንድም መርከብ አልሰጠመም። ይህን ሳነብ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ብቻዋን የምትኖር፣ ብርቱ፣ አፏን የዘጋች ሴት ስለሆነች ይሆናል።

የአያቴን ምዕራፍ ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሰው በሕይወቱ አንድም ቀን ለወንዙ ዋሽቶ አያውቅም።» እንዴት ነው? ደብተሮቹን ቶሎ በይልኝ። የጎረቤት ጎረምሳ ጠርተሽ ሣጥኑን ለማስወረድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ድንቢጥሽ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለልጄ፣

በሰላም ያኑርሽ። የዘገየሁት አሞኝ አይደለም፤ እንዲሁ ነው። መነጽሩ ልክክ ብሎልኛል። እንዲያውም ከልክ በላይ ያሳያል፤ የግድግዳዬን ስንጥቅ ሁሉ አሁን ነው ያየሁት።

ሣጥኑን አስወረድኩት። ደብተሮቹ እርጥበት ገብቶባቸዋል፣ አይጥም ቀማምሷቸዋል። የሚላክ ነገር የላቸውም። ያሉሽ ሃያ አንዱ አይበቁም? ሃያ አንድ ዓመት እኮ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርሽንም ለወጥ አድርጊው፤ ሰው በሕይወት ሳለ ምን እንዳደረገ ማን ያውቃል፣ እንኳን ሞቶ።

ያቺ የመብራቷ ሴት ግን ስትያዝ ምን አሏት? እሱን ሳትጽፊልኝ ቀረሽ።

መጽሐፉ ለምን ያስቸኩላችኋል?

እቴቴሽ

ጥር 11 ቀን

ለምወድሽ እቴቴ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ደብዳቤሽ የውሃ ሽታ ሆኖብኝ ሰንብቶ ሲመጣ ደግሞ አጭር ሆነብኝ። ከፋሽ እንዴ?

ያቺን ሴትዮ ምንም አላሏትም፤ ሜዳልያ ነው የሰጧት። ተንፍሺ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ያንቺ አይጦች አላሸነፉንም! አባቴ የሞተበትን ድልድይ የነደፉት ሰዎች በጊዜው አሥሩንም ደብተሮች ካንቺ ተውሰው ገልብጠው ነበር፤ ግልባጩ በድልድይ መሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ኖሮ በሙሉ ደረሰኝ። ሠላሳ አንዱ ዓመት ሞላ! አንድ ቀን አልጎደለም።

ሌላም አለ። በዚያው ቦታ አዲስ ድልድይ ሊሠራ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት በጀልባ የተንገላታው ሰው ሊያልፍለት ነው። መሐንዲሶቹ የአያቴን ቁጥሮች እየተጠቀሙ መሆኑን ጽፈውልናል፤ እሱ ከሞተ በኋላ ያንን ወንዝ የለካ የለምና። ድሮ ውሃው በየሁለት ዓመቱ ከአራት ሜትር ያልፍ ነበር፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት ግን አንዴም አላለፈም፤ ወንዙ ጋብ ብሏል ይላሉ። የድሮው ድልድይ የወደቀው ፍርድ ቤቱ እንዳለው በግንበኛው መጥፎ ሲሚንቶ ነው፤ ስለዚህ አዲሱም በዚያው ከፍታ ቢቆም ይበቃል ብለዋል። ውሳኔው በመጋቢት መጨረሻ ይጸድቃል። አስቢው እቴቴ፣ የአያቴ እጅ ድልድይ ሲያቆም!

አለቃዬ ብቻ፣ የማይጥማት ነገር አይጠፋም፣ «በስድስት ዓመት አንድም ቀይ ወረቀት የለም፤ ይህ ወንዝ መነኮሰ ወይ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ድንቢጥሽ

የካቲት 1 ቀን

ለልጄ፣

አምላክ ይጠብቅሽ።

የመብራቷ ሴት በባሏ ስም ፈረመች እንጂ መብራቱ እውነት ይበራ ነበር። መርከበኛው ያየው እውነተኛ እሳት ነው። ሜዳልያው የተገባት ለዚህ ነው። ልዩነቱን ልብ በይ።

አባባን ከመጽሐፉ አውጪልኝ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። እስከዛሬ ከለመንኩሽ ነገር ሁሉ ይህን አንዱን አድርጊልኝ።

እቴቴሽ

የካቲት 18 ቀን

እቴቴ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ምክንያቱን አትጠይቂኝ አልሽኝ። ባልጠይቅሽ ደስ ባለኝ፤ ግን አንድ ወረቀት አገኘሁ። ወንዛችን ዳር የነበረው የሸክላ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ ማሽን ለሸጠለት ድርጅት የጻፈው ደብዳቤ ነው። ነሐሴ 19 ቀን ውሃ እስከ ደረት ገብቶበት፣ አርባ ሺህ ሸክላ ጭቃ ሆኖበት፣ ማሽኑ ተበላሽቶበት መለዋወጫ ይለምናል። ፋብሪካው የት እንደነበር አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ በዘንጉ ልክ ከአምስት ሜትር በላይ ነው። የአያቴን ደብተር የዚያኑ ዓመት ነሐሴ 19 ገለጥኩት። «ሦስት ሜትር ከስድሳ።» ከጎኑ ፊርማው።

ሦስት ሜትር ከስድሳ የሆነ ውሃ አምስት ሜትር ላይ ያለ ሰው ደረት እንዴት ይደርሳል?

ሸክላ ሠሪው ዋሽቶ ይሆናል ብዬ ሁለት ቀን ራሴን አታለልኩ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። አያቴ ዋሽቷል? ሰክሮ ነበር? ሰንፎ ነበር? ምንም ይሁን ምን ልስማው። መሐንዲሶቹ በመጋቢት መጨረሻ ይፈርማሉ፤ ከዚያ በኋላ ብትነግሪኝ ምንም አይጠቅመኝም። ያን ወንዝ የሚሻገሩት የሌላ ሰው አባቶች ናቸው።

እባክሽ።

መጋቢት 7 ቀን

ለልጄ፣

ምርቃቱን ዛሬ ልተወው፤ ከኔ አፍ ሲወጣ ለራሴም አይጥመኝም።

አባባ አልዋሸም። ሰካራምም ሰነፍም አልነበረም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአባባን ዓይን ሞራ ጋረደው፤ መጀመሪያ ዘንጉ ጠፋበት፣ ቀጥሎ ደረጃው፣ በመጨረሻ እኔ። እናቴ አስቀድማ ሞታ፣ አባትሽም በሩቅ ከተማ ልብስ ስፌት ሊማር ሄዶ ስለነበር ቤት የቀረነው እኔና እሱ ነን። ዓይኑ መጥፋቱ ከታወቀ ሥራው ይቀራል፣ ሥራው ከቀረ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እኔ ወርጄ አያለሁ፣ ደብተሩን በሱ እጅ አስመስዬ እሞላለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር። ይህን እንድታምኚኝ እለምንሻለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ጣት አላጓደልኩም።

ሐምሌ 3 ቀን ወርጄ ሳይ ውሃው አራት ሜትር ከሠላሳ ሆኗል። ቀይ ወረቀት የሚላክበት ቀን ነው። ቀይ ወረቀቱ ከሄደ ተቆጣጣሪው ይመጣል፣ ደብተሩን ዘርግቶ አባባን «እስቲ አንብብልኝ» ይለዋል። ደረጃው ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ቤት ገብቼ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሬ ከአባባ ቁጥር አልተለየም። ያ ነው እስከዛሬ የሚገርመኝ።

በማግስቱም ከአራት በላይ ነው። ትናንት ሦስት ከሰማንያ ያልኩትን ዛሬ አራት ከሃምሳ ብል ማን ያምነኛል? ሦስት ከሰባ አልኩ። ክረምቱ ሲያልፍ እኔ የምጽፈው ወንዝ ሌላ፣ ከደጃችን የሚያልፈው ሌላ ሆኗል። ለምን ደረጃ እወርዳለሁ ታዲያ? መውረዱን ተውኩት። ጠረጴዛው ላይ፣ የላስቲክ ልብሱ ላይ ደብተሩን ዘርግቼ ቁጥር እፈጥር ነበር፤ በጋ ሲሆን ዝቅ፣ ክረምት ሲሆን ከፍ፣ ግን ሁልጊዜ ከአራት ሜትር በታች። ስድስት ዓመት። አባባ በየጠዋቱ «ዛሬስ ስንት ሆነ?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። «ይህ ወንዝ ጨዋ ሆነ» ይላል። የሸክላ ፋብሪካው የተጥለቀለቀ ቀን የውሃው ጩኸት ቤቱን እያንቀጠቀጠው «ልጄ፣ ድምፁ በዝቷል» አለኝ። ነፋስ ነው አልኩት። አውቆ ይሁን ሳያውቅ ዛሬም አልገባኝም፤ ካወቀም ለቤቱ ብሎ ዝም ብሎኛል ማለት ነው።

እሱ ከሞተ በኋላ የልኬቱ ሥራ ተዘጋ፣ ቤቱን ግን ለአገልግሎቱ ብለው ተዉልኝ። በአራተኛው ዓመት ሦስት ጨዋ ወጣቶች መጡ፣ ድልድይ ልንሠራ ነው ብለው ደብተሮቹን ጠየቁኝ። አንዱ እያገላበጠ «ከዚህ በላይ ምስክር የለም» አለ። ያኔ አፌን ብከፍት ምን ይደረግ ነበር? ቢበዛ ቤቱን መቀማት፣ ስድብ፣ ምናልባት እስር። አሁን ሳስበው ቀላል ነበር። ያኔ ግን የአባባን ስም ከመቃብሩ አውጥቼ የምገርፍ መሰለኝ። ወይም እንዲህ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ፤ እውነቱ ግን ፈራሁ ነው።

የተሠራው በኔ ቁጥር ነው። ሰባት ዓመት የቆመው ወንዙ ስለታገሠን ነው። አሥራ ሰባት ሰው ይዞ ሲወድቅ አባትሽ ከነሱ አንዱ ነበር። ሲሚንቶው ምንም አልነበረውም። ግንበኛው ሰባት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ሳል ይዞት ጤና ጣቢያችን መጣ፤ ካርዱን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፣ እንዳልሰማ ሰው። «ሥራህስ?» ስለው «ማን ይቀጥረኛል፣ ሰው ገዳይ ነኝ እኮ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ መጥቷል። ሦስት ጊዜ ካርዱን ሰጥቼዋለሁ። ሌላ የሰጠሁት ነገር የለም።

እናትሽ ስትወልድሽ ስለሞተች አባትሽ ሲሞት ማንም አልቀረሽም፤ ወሰድኩሽ። ያሳደግኩሽ ስለምወድሽ ነው። ያሳደግኩሽ ጥፋቴን ለመክፈልም ነው። ሁለቱን ለመለየት ብዙ ሞክሬ አቃተኝ፤ አንቺም አትሞክሪ።

ለመሐንዲሶቹ ንገሪያቸው። ከሐምሌ 3 ጀምሮ ያሉት ስድስቱ ደብተሮች ከራሴ የወጡ ናቸው። ወንዙ አልመነኮሰም። ውሃው በዘንጉ ልክ አምስት ሜትር ተኩል ሲደርስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ስሜን ሳትደብቂ ስጫቸው። ደብተሮቹን አይጥ አልበላቸውም፤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

እቴቴሽ

ሰኔ 24 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው?

ደብዳቤዎና ደብተሮቹ መጋቢት 25 ቀን ደርሰውኛል። ተርጉሜ በዚያው ቀን ለመሐንዲሶቹ ልኬያለሁ። ፊርማው ቆሟል። ድልድዩ ከታሰበው በሦስት ሜትር ከፍ ብሎ እንደ አዲስ ይነደፋል። ደብዳቤዎ ከሰነዱ ጋር ተያይዟል፤ ከአገር ቤት የሚጠይቅዎ ሰው ሊመጣ ይችላል።

የአያቴ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ወጥቷል። ሃያ አምስቱ ዓመት እውነት ነው ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ አለቃዬ አንዱ ሲበላሽ ሌላውንም የሚያምነው የለም አለች። ልክ ናት። የግንበኛውን ቤተሰብ አፈላልጌያለሁ። እሱ ሞቷል። ሴት ልጁ አለች፤ ፍርዱ እንዲታይላት ወረቀት እያሰባሰብን ነው።

እስካሁን ያልጻፍኩት መጻፍ ስላቃተኝ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እየጀመርኩ ቀድጃለሁ። ልሳደብ ፈልጌ ነበር፤ ስድቡ አልመጣልኝም። ይቅር ልል ፈልጌ ነበር፤ እሱም አልመጣልኝም። ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ካርቶን እከፍታለሁ፣ ቁጥር ባየሁ ቁጥር ይህስ ውሸት ቢሆን እላለሁ። እንቅልፌም ሥራዬም ተበላሽቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። በደብዳቤዎ ስለ ሁሉም ቀን ጽፈዋል። ስለዚያ ቀን ግን «አባትሽ ከነሱ አንዱ ነበር» ብለው አልፈዋል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አስታውሳለሁ። እኔን ከነርሷ ቤት አስቀምጠው፣ የተሰፋውን የተማሪ ልብስ በጆንያ ይዘው ከአባቴ ጋር ወጡ። ሲመለሱ እጅዎ ባዶ ነበር፤ ጫማዎ እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ጭቃ ነበር። አውቶቡሱ የሚቆመው ድልድዩ አፍ ላይ ነው። ከዚያ ወንዙ ይታያል።

ውሃውን አይተው ነበር?

ሌላ ምንም አይጻፉልኝ። ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ሐምሌ 16 ቀን

ለልጄ፣

አይቻለሁ።

ይህን ብቻ ጻፊ ብለሽኛል። ነገር ግን ግማሹን ብነግርሽ እንደገና መዋሸት ይሆንብኛልና ታገሺኝ፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርሽም።

ትምህርት የሚከፈትበት ሰሞን ነበር። አባትሽ አርባ የተማሪ ልብስ ሰፍቶ ከወንዙ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ሊያደርስ ነው። ሌሊቱን የዘነበው ጠዋት አቁሞ ነበር። ድልድዩ አፍ ስንደርስ ውሃው ቡናማ አረፋ ይዞ ከወለሉ ሥር ያሉትን ብረቶች እየነካ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ውሃ ስንት ሜትር እንደሆነ ዘንግ አላስፈለገኝም። ያ ድልድይ በምን ቁጥር እንደተሠራም ከኔ በቀር የሚያውቅ በዚያ ሥፍራ የለም፤ በየትም ሥፍራ የለም።

ሾፌሩም ፈርቶ ኖሮ ወርዶ ሲጋራ ያጨሳል። ተሳፋሪዎቹ እንሂድ እንቆይ እያሉ ይከራከራሉ። አባትሽ ጆንያውን ከእጄ ተቀበለኝ። መቀሱ እንደ ሁልጊዜው ከኮት ኪሱ ወጥቶ ይታያል። እየሳቀ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የወንዝ ለኪው ልጅ ይኸው እዚህ ቆማለች፤ ለምን እሷን አትጠይቋትም? እህቴ፣ ይችላል ድልድዩ?» አለኝ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሾፌሩም አየኝ። የአባባን ሥራ የማያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

አይችልም ብል «እንዴት አወቅሽ?» ይለኛል። አንቺ ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ፤ ጠያቂ ነበር፣ አይለቀኝም። ሃያ ዓመት ገደማ የደበቅኩት ነገር በአንድ ቃል ከአፌ ሊወጣ ነው። ሆዴን አመመኝ ብዬ ላስቀረው እችል ነበር። ጆንያውን ውሃ ውስጥ ልጥለው እችል ነበር። ብዙ ነገር እችል ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

«ይችላል» አልኩት። «በአባባ ልኬት ነው የተሠራው።»

ሾፌሩ ሲጋራውን ጥሎ ወደ መቀመጫው ወጣ፤ እነሱም ተከትለውት ተሳፈሩ።